እንቅፋት ሲመታን ሕመሙ ለምን በሁለት ዙር ይመጣል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እንቅፋት ሲመታኝ መጀመሪያ የሚሰማኝ መመታቴ ብቻ ነው፤ ወዲያው ሹል ሕመም ይከተላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሚያቃጥልና የሚጠዘጥዝ ሕመም ይመጣል። የጋለ ነገር ስነካ ግን እጄ የሚሸሸው ማቃጠሉን ከማወቄ በፊት ነው። እግሬን አጣምሬ ብዙ ስቀመጥ ይደነዝዝና ስነሣ ውርር ያደርገኛል። ጥርሴን ለመንቀል መርፌ ሲወጉኝ ደግሞ ሕመሙ ጠፍቶ መጎተቱና መገፋቱ ይሰማኛል። ነርቭ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሽቦ ከሆነ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት ይመጣል?»

አራቱም ትዝብቶች ትክክል ናቸው፤ የተሳሳተው «ሽቦ» የሚለው ግምት ብቻ ነው። በቀዶ ሕክምና ጊዜ በዓይን የሚታየው ነጭ ነርቭ አንድ መስመር ሳይሆን በሺህ የሚቆጠሩ ክሮች ጥቅል ነው። ክሮቹ በውፍረት፣ በሽፋንና በፍጥነት ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ የሚሸከመው የመልእክት ዓይነትም የተወሰነ ነው። የመነካት መልእክት የሚሄድበት ክር ሌላ፣ የሹሉ ሕመም ሌላ፣ የሚያቃጥለው ሕመም ደግሞ ሌላ። ያስተዋሉት ልዩነት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሆኖም «ፍጥነታቸው ይለያያል» ብሎ ማለፍ በቂ ምላሽ አይሆንም። ለምን እንደሚለያይ ለማየት አንዱ ክር ራሱ ምን እንደሆነና መልእክቱ በምን እንደሚጓዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

እያንዳንዱ ክር የአንድ ሕያው ሕዋስ ረጅም ክንድ ነው። ኒውሮን የሚባለው የነርቭ ሕዋስ አካል አለው፤ ከአካሉ የሚወጡ መልእክት ተቀባይ ቅርንጫፎች፣ ማለትም ዴንድራይቶች አሉት፤ መልእክት አስተላላፊ የሆነ አንድ ረጅም ክርም አለው፤ እርሱም አክሶን ይባላል። በሰው አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ ኒውሮኖች ይገኛሉ። ከእግር ጣት ስሜት የሚያመጣው ኒውሮን ግን አካሉ ያለው እግር ውስጥም አንጎል ውስጥም አይደለም፤ በታችኛው ወገብ አካባቢ ባለው የአከርካሪ አጥንት አጠገብ፣ ኅብለ ሰረሰር ከመግባቱ በፊት ባለች ትንሽ እብጠት ውስጥ ነው። ከዚያ አንዱ ክንዱ እስከ ጣት ቆዳ ይወርዳል፣ ሌላው ወደ ኅብለ ሰረሰር ይገባል። የመነካት ስሜት የሚያመጣው ክር ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ከገባ በኋላም ሳይቋረጥ እስከ አንጎል ግንድ ስለሚወጣ፣ በረጅም ሰው ላይ አንድ ሕዋስ ብቻውን ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል። ውፍረቱ ግን በማይክሮሜትር የሚለካ፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ነው።

ይህ ርዝመት የራሱ ዋጋ አለው። ክሩ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን በብዛት የሚሠራው የሕዋሱ አካል ነው፤ የተሠራውም በክሩ ውስጥ ተጓጉዞ ጫፍ መድረስ አለበት። ፈጣኑ ጭነት በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ዘገምተኛው ደግሞ በቀን ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ስለዚህ ሕዋሱን የሚያዳክም ማንኛውም ነገር፣ ለምሳሌ ለዓመታት ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም አንዳንድ የካንሰር መድኃኒት፣ በመጀመሪያ የሚጎዳው ረጅሙን ክር ነው። በስኳር ሕመም መደንዘዝ ከሁለቱም እግር ጣቶች ጀምሮ እንደ ካልሲ ወደ ላይ የሚወጣው፣ እጅ ላይ የሚደርሰውም ብዙውን ጊዜ የእግሩ ወደ ጉልበት ሲጠጋ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። በሽቦ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሮን ነው። በነርቭ ውስጥ ግን የሚንቀሳቀሰው በውኃ የሟሟ ጨው፣ ማለትም ቻርጅ ያለው ሶዲየምና ፖታሲየም ነው፤ እርሱም በዋናነት የሚንቀሳቀሰው በክሩ ርዝመት ሳይሆን በክሩ ግድግዳ በኩል ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነው። ብዙ ማብራሪያዎች ይህን ነጥብ ስለሚዘሉት አንባቢው ሽቦውን በአእምሮው ይዞ ይቀራል።

ከክሩ ውጭ ያለው ፈሳሽ በሊትር ወደ 145 ሚሊሞል ሶዲየም ይዟል፣ በውስጡ ያለው 12 ያህል ብቻ ነው። ፖታሲየም በተቃራኒው ውስጥ ወደ 140፣ ውጭ ደግሞ 4 ያህል ነው። ይህን ልዩነት የሚጠብቀው በግድግዳው ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው፤ አንድ የኃይል ሞለኪውል ባቃጠለ ቁጥር 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ግድግዳው ዕረፍት ላይ እያለ ፖታሲየምን ትንሽ ትንሽ ያሳልፋል። ፖታሲየም ቻርጁን ይዞ ስለሚወጣ ውስጡ ከውጭው አንጻር ወደ 70 ሚሊ ቮልት ኔጌቲቭ ሆኖ ይቆያል። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ፣ ባረፍንበት ጊዜ ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው በአብዛኛው ይህን ልዩነት ለመጠበቅና ለመመለስ ነው። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ በ10 ሰከንድ ገደማ ራስን የሚያስተውም ይኸው ነው።

በግድግዳው ላይ የቮልቴጅ ለውጥ ሲደርስባቸው የሚከፈቱ የሶዲየም በሮች አሉ። ጣትዎ ድንጋይ ሲመታ በቆዳው ውስጥ ያሉት የክር ጫፎች ይለጠጣሉ፣ ትንሽ ቻርጅ ይገባና ውስጡ ከ70 ኔጌቲቭ ወደ 55 ኔጌቲቭ ሚሊ ቮልት ገደማ ይወጣል። እዚህ ወሰን ላይ ሲደርስ የሶዲየም በሮቹ በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ሶዲየም ይጎርፋል፤ ውስጡ እስከ 30 ወይም 40 ሚሊ ቮልት ፖዘቲቭ ይደርሳል። ሚሊ ሰከንድ ሳይሞላ የሶዲየም በሮች ራሳቸውን ይዘጋሉ፣ የፖታሲየም በሮች ይከፈታሉ፣ ቻርጁም ወደነበረበት ይመለሳል። መልእክት የምንለው ይህ ነው። አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ ይህን ሂደት በቀመር ያስቀመጡት በ1952 ነው፤ የሠሩበትም ውፍረቱ እስከ 1 ሚሊሜትር በሚደርሰው የስኩዊድ አክሶን ሲሆን በ1963 ከጆን ኤክልስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

አንድ ቦታ ላይ የተነሣው ለውጥ አጠገቡ ያለውን ግድግዳ ወሰኑ ላይ ያደርሰዋል፤ እርሱም የራሱን በሮች ከፍቶ ቀጣዩን ያነሣሣል። መልእክቱ የሚሄደው በደረቅ ሣር ላይ እንደሚሄድ እሳት ነው፦ እያንዳንዱ ቦታ የሚነደው በራሱ ሣር እንጂ ከመነሻው በመጣ ነበልባል አይደለም፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ያለው እሳት ከመነሻው አያንስም። ግድግዳው ራሱን ባያድስ ኖሮ ኤሌክትሪኩ ጥቂት ሚሊሜትር ሳይሄድ ሟሽሾ ይቀር ነበር። ካለፈበት በኋላ የሶዲየም በሮቹ ለአንድ ወይም ለሁለት ሚሊ ሰከንድ ያህል ዳግመኛ ስለማይከፈቱ መልእክቱ ወደኋላ አይመለስም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ በክሩ ላይ ትልቅ መልእክትና ትንሽ መልእክት የለም፤ ወይ ይነሣል፣ ወይ አይነሣም። ቀላል ንክኪና ከባድ ምት የሚለያዩት በሰከንድ ስንት መልእክት እንደተላከና ስንት ክሮች እንደላኩ ነው። ይህንን ኤድጋር ኤድሪያን በ1920ዎቹ ከነጠላ ክሮች ቀድቶ አሳይቷል። ሁለተኛው፣ መልእክቱ ራሱ ብርሃን፣ ድምፅ ወይም ሕመም አይደለም፤ በሁሉም ክሮች ላይ አንድ ዓይነት ነው። አንጎል የሚለየው በየትኛው ክር እንደመጣ ብቻ ነው። ዓይንን ጨፍኖ በጎን በኩል ቀስ ብሎ ሲጫኑት ብርሃን የሚታየው የዓይን ነርቭ በምንም ቢነሣሣ አንጎል ብርሃን ብሎ ስለሚተረጉመው ነው። በርበሬ የሚያቃጥለውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ በውስጡ ያለው ካፕሳይሲን የሚከፍተው በር 43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ሙቀት የሚከፈተውን ያንኑ በር ነው። ይህን በር ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ፣ የንክኪና የግፊት በሮችን ካገኘው አርደም ፓታፑቲያን ጋር የ2021ን የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ፍጥነቱስ? የነርቭ መልእክት ፈጽሞ ሊለካ እንደማይችል ይታመን በነበረበት ዘመን፣ በ1850 ኸርማን ሄልምሆልትዝ የእንቁራሪት ነርቭ ላይ ለካውና በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ሆኖ አገኘው። በሽቦ ውስጥ ካለው ኤሌክትሪክ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀርፋፋ ነው። ፍጥነቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። ክሩ ሲወፍር በውስጡ ያለው ፈሳሽ ለቻርጁ የሚሰጠው እንቅፋት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ይፈጥናል። ይበልጥ የሚያፈጥነው ግን ማይሊን ነው። ሽዋን የሚባሉ ሕዋሳት በክሩ ዙሪያ ደጋግመው እየተጠቀለሉ የስብ ሽፋን ያለብሱታል፤ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት ኦሊጎዴንድሮሳይቶች ናቸው። ሽፋኑ በየአንድ ሚሊሜትር ገደማ ይቋረጣል፤ የሶዲየም በሮቹም የተሰበሰቡት በእነዚህ የራንቪዬ አንጓዎች ላይ ነው። በመሃል ያለው ተሸፍኖ ቻርጅ ስለማያፈስ መልእክቱ የሚታደሰው አንጓው ላይ ብቻ ነው፤ ከአንጓ አንጓ እየዘለለ ይሄዳል ማለት ነው።

ማይሊን ሲነሣ የሚሆነውን ማየት የጥቅሙን ልክ ያሳያል። በመልቲፕል ስክለሮሲስ የሰውነት መከላከያ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰርን ማይሊን ያጠቃል፤ ጊላን ባሬ በተባለው ሕመም ደግሞ ከዚያ ውጭ ያሉትን ነርቮች። ክሩ ሳይቆረጥ መልእክቱ ይዘገያል፣ ወይም መንገድ ላይ ይጠፋል። ማይሊናቸው የሳሳ ሰዎች በሙቅ ውኃ ሲታጠቡ ወይም ትኩሳት ሲይዛቸው ዓይናቸው የሚደበዝዘውና ጉልበታቸው የሚከዳቸው ሙቀት የሶዲየም በሮችን ቶሎ ስለሚያዘጋቸው ነው፤ ጤነኛ ክር ይህን ይችለዋል፣ የተራቆተው ግን ቀጣዩን አንጓ ለማነሣሣት የሚበቃ ቻርጅ ያጣል። ቅዝቃዜ በበኩሉ ያዘገያል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲቀንስ ወፍራሞቹ ክሮች በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ይቀንሳሉ። የነርቭ ፍጥነት ምርመራ የሚደረግለት ሰው እጁ ቀዝቃዛ ከሆነ መጀመሪያ ሊሞቅለት ይገባል፤ አለበለዚያ ጤነኛው ነርቭ የታመመ መስሎ ይነበባል።

እንግዲህ ወደ እንቅፋቱ። የንክኪ ስሜት የሚሸከሙት ኤ ቤታ የሚባሉት ክሮች ናቸው፤ ውፍረታቸው ከ6 እስከ 12 ማይክሮሜትር፣ ፍጥነታቸው በሰከንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ነው። ሹሉን ሕመምና ቅዝቃዜን የሚሸከሙት ኤ ዴልታ ቀጫጭንና ስስ ማይሊን የለበሱ ናቸው፤ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሄዳሉ። የሚያቃጥለውንና የሚጠዘጥዘውን ሕመም የሚያመጡት ሲ የተባሉት ክሮች ግን ማይሊን የላቸውም፤ ውፍረታቸው ከአንድ ማይክሮሜትር ተኩል አይበልጥም፣ ፍጥነታቸውም በሰከንድ ከግማሽ እስከ 2 ሜትር ነው። ሲ ክር በሰው ርምጃ ይጓዛል ቢባል ማጋነን አይደለም። ከጣት እስከ ኅብለ ሰረሰር አንድ ሜትር ብንይዝ፣ በሰከንድ 50 ሜትር የሚሄደው የንክኪ መልእክት በ20 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል፤ በሰከንድ 15 ሜትር የሚሄደው ሹል ሕመም 67 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ በሰከንድ አንድ ሜትር የሚሄደው የሚያቃጥለው ሕመም ሙሉ አንድ ሰከንድ። መጀመሪያ መመታትዎን አውቀው፣ ሹሉ ተከትሎ፣ ማቃጠሉ «ቆይቶ» የመጣው ለዚህ ነው። ፊት ላይ ሲመታን ሁለቱ ሕመሞች ብዙም የማይለያዩትም ርቀቱ አጭር ስለሆነ ነው።

የእጁ መሸሽ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምርልናል፦ መልእክቱ የሚሄድበት ቦታ። የኤ ዴልታ ክር ኅብለ ሰረሰር ሲገባ ቅርንጫፍ ያወጣል። አንዱ ቅርንጫፍ ወደ አንጎል የሚወጣውን ኒውሮን ያነሣሣል፤ ሌላው እዚያው በመሃል ያሉ አጫጭር ኒውሮኖችን አልፎ የእጅን ጡንቻ የሚያዝዘው ኒውሮን ላይ ይደርሳል። ከጣት ጫፍ እስከ አንገት 80 ሴንቲሜትር ያህል ቢሆን፣ ለመግባት ወደ 50 ሚሊ ሰከንድ፣ ለመሃሉ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ፣ ለመመለስ ደግሞ ጡንቻን የሚያዝዙት የነርቭ ክሮች ፈጣን ስለሆኑ 15 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይበቃል። አንድ አሥረኛ ሰከንድ ሳይሞላ ክንዱ መታጠፍ ይጀምራል። ማቃጠሉን ማወቅ ግን የአንጎል ቅርፊት ሥራ ነው፤ መልእክቱ ታላመስ በሚባለው የአንጎል መሃል ክፍል ላይ ተቀባብሎ፣ በብዙ ሕዋሳት ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ ይዘገያል። እግር እሾህ ሲረግጥ ያው መንገድ አንዱን እግር አጥፎ ሌላውን ያስዘረጋል፤ ባይሆን ኖሮ በተሸሸ ቁጥር እንወድቅ ነበር።

ይህ ምላሽ ግን ጭፍን አይደለም። የያዝነው ነገር ቢወድቅ የባሰ ጉዳት እንደሚያመጣ ካወቅን አንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር በሚልከው ትእዛዝ ምላሹን ያፍናል። ከአንጎል በታች ያለው ኅብለ ሰረሰር ሲጎዳ ይህ ማፈኛ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ከጉዳቱ በታች ያለው ጡንቻ ይገትራል፣ በትንሽ ንክኪም ይወራጫል። ሐኪም ከጉልበት በታች ያለውን ጅማት በመዶሻ የሚመታው ይህን ለማየት ነው። የእግሩ መወርወር ከወትሮው ከበረታ ጉዳቱ በላይ፣ በአንጎል ወይም በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ከጠፋ ደግሞ በወጪው ወይም በገቢው ነርቭ ላይ።

ቅድም «አለፈ» ብዬ የዘለልኩትን መሻገሪያ ልመለስበት። አንዱ ኒውሮን ከሌላው ጋር ብዙውን ጊዜ አይጣበቅም፤ በመካከላቸው 20 ናኖሜትር ያህል ክፍተት አለ። ይህ ሲናፕስ ነው። መልእክቱ የክሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ካልሲየም ሲገባ 40 ናኖሜትር የሚያህሉ ከረጢቶች ከግድግዳው ጋር ተዋሕደው በውስጣቸው ያለውን ኬሚካል ይደፋሉ፤ ኬሚካሉም ክፍተቱን ተሻግሮ የተቀባዩን በሮች ይከፍታል። ይህ ሁሉ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ኦቶ ሎዊ በ1921 የአንዱን እንቁራሪት ልብ ነርቭ አነሣሥቶ ልቡ ሲዘገይ፣ ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ ልብ ቢያፈስሰው ሁለተኛውም ዘገየ፤ ነርቭ በኬሚካል እንደሚሠራ የታወቀው በዚህ ነው። ኬሚካሉ አሴቲልኮሊን ነበር። ጡንቻን የሚያዝዘውም ይኸው ነው። በአንጎል ውስጥ ደግሞ ዋናው አነሣሽ ግሉታሜት፣ ዋናው አፋኝ ጋባ ነው።

መድኃኒቶችና መርዞች ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚሠሩት እዚህ መሻገሪያ ላይ ነው። አሴቲልኮሊን ሥራውን ሲጨርስ አንድ ኤንዛይም ይሰባብረዋል፤ ኦርጋኖፎስፌት የተባሉት የተባይ መድኃኒቶች ይህን ኤንዛይም ያግዳሉ። ኬሚካሉ ሳይጠራ ይከማችና ምራቅና ላብ ይበዛል፣ የዓይን ብሌን ይጠብባል፣ ልብ ይዘገያል፣ ጡንቻ ተንቀጥቅጦ ይሽመደመዳል፤ ገዳዩ የመተንፈስ መቆም ነው። የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ አፋኝ ኬሚካሎች እንዳይለቀቁ ስለሚያደርግ ጡንቻው ሁሉ ሳያቋርጥ ይገትራል። የቦቱሊዝም መርዝ ደግሞ አሴቲልኮሊን እንዳይለቀቅ ይከለክልና ጡንቻው ይዝላል። ሁለቱ መርዞች የሚቆርጡት ከረጢቶቹን ከግድግዳ የሚያዋሕዱ ፕሮቲኖችን ነው፤ ውጤታቸው የተቃረነው የሚያርፉበት ሕዋስ ስለሚለያይ ብቻ ነው።

የእግሩ መደንዘዝ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ደም ቆሞ ነው» የሚሉት ነው፤ ግማሽ እውነት ነው። ግፊቱ ነርቩን ራሱን ይጫናል፣ ነርቩን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይዘጋል። ቀድመው የሚቆሙት ወፍራሞቹ ባለ ማይሊን ክሮች ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያ ንክኪና የእግር አቀማመጥ ስሜት ይጠፋል፣ ጡንቻውም ይዝላል፣ ከዚያ ቅዝቃዜና ሹል ሕመም፤ የሚያቃጥለው ሕመም የመጨረሻው ነው። መንካትን የማይሰማ እግር አጥብቀው ሲቆነጥጡት ዘግይቶ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ግፊቱ ሲነሣ ክሮቹ ለጥቂት ጊዜ ሚዛናቸውን ስለሚስቱ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው መልእክት ይልካሉ፤ አንጎልም በየክሩ ዓይነት ይተረጉመዋል፣ ውርርታው ይህ ነው። በዚያን ጊዜ ዘልሎ መቆም አያስፈልግም፤ የቁርጭምጭሚት አቀማመጥ ስለማይታወቅ እግር ይጠመዘዛል። ተቀምጠው ጣትና ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስና ስሜቱ እስኪመለስ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል።

የጥርስ መርፌው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ሊዶኬይን የሶዲየም በሮችን ከውስጥ በኩል ይዘጋል፣ ሣሩ አልነድ ይላል ማለት ነው። ቀድመው የሚያዙት ቀጫጭኖቹ የሕመምና የሙቀት ክሮች ሲሆኑ፣ ወፍራሞቹ የግፊትና የንክኪ ክሮች ዘግይተው፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይያዙ ይቀራሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ሲጎትትና ሲገፋ መሰማቱ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ሹል ሕመም ከተሰማዎት ግን ወዲያው ይንገሩ፣ መታገሥ አይገባም። መግል የያዘ ድድ ላይ ማደንዘዣው የሚደክመው እዚያ ያለው ሥጋ አሲድ ስለሚበዛበት ነው፤ መድኃኒቱ አሲድ ውስጥ ቻርጅ ይይዝና የክሩን ግድግዳ ሰርጎ ማለፍ ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ የተሻለው ከታመመው ቦታ ርቆ ነርቩ ሳይበከል በሚያልፍበት ላይ መወጋት ነው። ግፊት ወፍራሙን፣ ማደንዘዣ ቀጭኑን ቀድሞ እንደሚያግድ ያሳዩት ጆሴፍ ኤርላንገርና ኸርበርት ጋሰር ሲሆኑ በ1944 ለነርቭ ክሮች ጥናታቸው ኖቤል ተሸልመዋል።

ከእንቅፋት በኋላ ጣትን ማሸት ለምን እንደሚያሳርፍም ከዚሁ ይገኛል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ የወፍራሞቹ የንክኪ ክሮች መልእክት በኅብለ ሰረሰር ውስጥ አፋኝ ኒውሮኖችን ያነሣሣና የሕመሙን መልእክት ገና ወደ አንጎል ሳይወጣ ይቀንሰዋል። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተስተካክሏል፤ ዋናው ሐሳብ ግን፣ ሕመም ገና ኅብለ ሰረሰር ላይ ሊጨመርና ሊቀነስ እንደሚችል፣ ጸንቶ ይኖራል።

አሁን መደንዘዝ መቼ ተራ፣ መቼ አሳሳቢ እንደሆነ። አቀማመጥ ሲቀየር በደቂቃዎች የሚለቅ ምንም አይደለም። ሌሊት የሚቀሰቅስ የአውራ ጣት፣ የሌባ ጣትና የመሃል ጣት መደንዘዝ መሃለኛው ነርቭ የእጅ አንጓ ላይ መጨናነቁን ያመለክታል፤ ትንሿና የቀለበት ጣት ግማሽ ሲደነዝዝ ክርኑን መደገፊያ ማድረግ የጎዳው ነርቭ ነው። እግር ደጋግሞ ማጣመር ከጉልበት በታች በውጭ በኩል፣ አጥንቱ ላይ ከቆዳ ሥር የሚያልፈውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ያኔ የእግር ፊት ማንሣት ያቅትና ጣት መሬት ይጎትታል። ግፊቱ ማይሊኑን ብቻ ከጎዳ በሳምንታት ይድናል። አክሶኑ ከተቆረጠ ግን ከጉዳቱ በታች ያለው ክፍል ይሞታል፣ አዲሱ ክር ከላይ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ያድጋል። ከክርን እስከ ጣት 40 ሴንቲሜትር ቢሆን ከአንድ ዓመት በላይ ነው፤ ያለ ነርቭ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ከመንፈቅ የቆየ ጡንቻ ደግሞ ክሩ ቢደርስለትም መታዘዝ ይሳነዋል። የተቆረጠ ነርቭ ቶሎ ይሰፋ የሚባለው ስለዚህ ነው። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ይህ ዳግም ማደግ የለም ማለት ይቻላል፤ በዚያ ያለው ማይሊንና ጠባሳው ራሱ እድገትን ይገታል።

ሳይዘገዩ ሆስፒታል የሚያስኬዱት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው። የፊት አንድ ጎን መውደቅ፣ የአንድ እጅ መዛል ወይም የንግግር መኮላተፍ በድንገት ከመጣ ስትሮክ ነው ብሎ መነሣት ይገባል፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ባሉት አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ በመሆኑ መቼ እንደጀመረ በትክክል ማስታወስ ራሱን የቻለ እርዳታ ነው። ከእግር ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ የሁለቱም ወገን ዝለት ጊላን ባሬ ሊሆን ስለሚችል፣ መተንፈሻ ጡንቻ ላይ ከመድረሱ በፊት ሐኪም መከታተል አለበት። ከወገብ ሕመም ጋር በጭኖች መሃልና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ሲመጣ፣ ሽንት አልወጣ ሲል ወይም ሳይታወቅ ሲያመልጥ፣ ከኅብለ ሰረሰር ጫፍ በታች የሚወርዱት የነርቭ ሥሮች ተጨንቀዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ በአስቸኳይ ምስል ተነሥቶ፣ ከተረጋገጠ በቀዶ ሕክምና ግፊቱ የሚነሣለት ነው፤ እስከ ነገ ጠዋት ማሳደር ሽንትን የመቆጣጠር ችሎታ እስከ ዕድሜ ልክ ሊያሳጣ ይችላል።